ሕዝብ ሰብስቤ «ትበላላችሁ» ያልኩ ዕለት

ወገኖቼ፣ በድምፅ ማጉያ ሰው አስበርግጋችሁ ታውቃላችሁ? ያውም ስንዴ ልትሰጡት ጠርታችሁት!

እኔ አድርጌዋለሁ። ቆይ፣ አትሳቁ። አንብባችሁ ጨርሱና ሳቁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከአዋሳ ነገሌ ቦረና የተመደብኩ፣ ፀጉሬን አፍሮ ያበጠርኩ፣ የአንድ እርዳታ ቢሮ ጸሐፊ ኮረዳ። ዝናብ ከድቶ ከብት ያለቀበት ጊዜ ነበር። መንግሥትም «ምግብ ለሥራ» የሚባል ፕሮግራም አመጣ። ጉልበት ያለው ኩሬ ይቆፍራል፣ ስንዴና ዘይት ይወስዳል። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ደግሞ ሳይሠራ ይሰጠዋል። አለቀ።

ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? ታዲያ እኔ አበላሸሁት!

ይህን ለሕዝቡ ልንነግር በምንወጣበት ጠዋት አስተርጓሚያችንን ወባ ጣለው። አለቃዬ ጓድ ታደሰ «እንግዲያው ነገ እንሂድ» ሲል፣ እጁን ያወጣው ማን ይመስላችኋል?

እኔ!

«ኦሮምኛ እኮ እችላለሁ» አልኩ። ከመጣሁ ጀምሮ አከራዬ እትዬ ሐሊማ ሱቅ እየተቀመጥኩ ስለማመድ ከርሜያለሁ። እትዬ ሐሊማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ የሚነግዱ ሴት ናቸው። «ጎበዝ!» ብለውኛል።

ያሉኝ ስኳር ስገዛ ነበር። እሱን ረሳሁት።

መንደሯ ከነገሌ ወጣ ትላለች። ሕዝቡ ግራር ሥር ተቀምጧል። ላንድሮቨሩ ላይ ወጣሁና ድምፅ ማጉያውን ጨበጥኩ።

«አካም ጂርቱ! ናጋ?» እንዴት ናችሁ፣ ሰላም?

«ናጋ!» አሉ፣ ፈገግታ በፈገግታ ሆነው። ወይ ልቤ! አበጠ።

«ናምኒ ሆጄቱ ኒ ኛታማ!» የሚሠራ ሰው ይበላል ማለቴ ነው፣ በኔ ቤት።

ፈገግታው ጠፋ።

አልሰሙኝም ብዬ ጮክ አልኩ! አልበቃኝም፣ ጨመርኩበት፦ «ጃርሲ ሆጂ ማሌ ኒ ኛታማ!» ሽማግሌ ሳይሠራም ይበላል።

አሁን ስሙኝ። በኦሮምኛ «ኒ ኛታ» ማለት ምግብ ይበላል ነው። «ኒ ኛታማ» ግን... እሱ ራሱ ይበላል! በአማርኛስ ቢሆን፣ «ይበላል»ን ጠበቅ ካደረጋችኋት በላተኛው ራሱ ምግብ ይሆን የለ?

እንግዲህ ያወጅኩት አዋጅ ይህ ነው፦ የሚሠራውን አሠርተን እንበላዋለን። ሽማግሌውን ግን ሥራ ሳናስይዝ፣ እዚሁ!

አባ ጃተኒ የሚባሉ ከሲታ ሽማግሌ ከፊት ተነሡ። ቅልጥማቸውን ዝቅ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው በአማርኛ፣

«ልጄ፣ እኔ ላይ ምን ሥጋ አገኘሽ?»

ፊት ያሉት በሳቅ ተንከባለሉ። ኋላ ያሉት ግን አልሳቁም። ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሄዱ። በዚያን ዘመን መንግሥት ሰብስቦ የሚጠራው ሁሌ ለደግ አልነበረም። ለሰፈራ ተጭኖ፣ ለጦርነት ታፍሶ የቀረ ዘመድ ያለው ብዙ ነው። «ትበላላችሁ» ስላቸው ቢያምኑኝ ይፈረድባቸዋል?

በማግስቱ ኩሬው የሚቆፈርበት ቦታ ሄድን። አካፋ አለ። ዶማ አለ። ሰው የለም! አባ ጃተኒ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ሌላውስ?»

«ፈርቷል። ቀድማ አንተን ትቅመስ ብለው ላኩኝ።»

ጓድ ታደሰ አልሳቀም። «ሰው ካልመጣ ስንዴው ወደ ሜጋ ከተማ ይዞራል» አለ። ያኔ የኔም ቀልድ አለቀ። እናቶቻቸው ሲጎትቷቸው ያየኋቸው ልጆች ትዝ አሉኝ። ስንዴው የነሱ ነበር እኮ!

እያለቀስኩ እትዬ ሐሊማ ሱቅ ገባሁ። ስነግራቸው ባንኮኒው ላይ ተደፍተው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ይህም ማጽናናት ከተባለ!

«እትዬ፣ እባክዎን ገበያ ወጥተው ያስረዱልኝ።»

«እኔ? የበላሻቸው አንቺ፣ አንቺው ትፊያቸው!»

ደግነቱ የገበያ ቀን ነው፣ የመንደሯም ሰው መጥቷል። እጄን ይዘው ከብት ተራ መሃል አቆሙኝ። እሳቸው ቃሉን በጆሮዬ ሹክ ይላሉ፣ እኔ እጮሃለሁ፦

«አኒ ናማ ሂን ኛዱ!»

እኔ ሰው አልበላም!

እስቲ አስቡት። የመንግሥት ሠራተኛ፣ አፍሮዋን አበጥራ፣ በሬና ግመል መሃል ቆማ «ሰው አልበላም» ስትል! እናቴ ይህን ሳትሰማ ማረፏ እግዜር ሲወዳት ነው።

መች በዚህ በቃኝ? እትዬ ሐሊማ ከአንዷ ነጋዴ እፍኝ ሙሉ የስንዴ ንፍሮ ተቀብለው አፌ ውስጥ ጠቀጠቁት። «ይኸው! እሷ የምትበላው ይህን ነው! እናንተም ሠርታችሁ የምትበሉት ይህንኑ ነው! አቅም ያጣ ደግሞ ሳይሠራ!» አሉ በኦሮምኛ። እኔ ጉንጬ ተነፍቶ፣ መናገር አቅቶኝ፣ ጭንቅላቴን ብቻ እነቀንቃለሁ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ አካፋ አነሰን! ግማሹ ለስንዴው፣ ግማሹ «በላተኛዋን» ለማየት። እየቆፈሩ ዘፈን አወጡልኝ። አንዱ «አጥንት ነኝ፣ እለፊኝ» ይላል፣ ሌላው ይቀበላል። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ኩሬው ዝናቡ ሳይቀድመው አለቀ። ሞላም! ከብቱ ተንጋግቶ ሲጠጣ ዳር ቆሜ አየሁ፤ ያን ቀን እንኳ ማንም አልሳቀብኝም።

ስንዴው ሲታደል አባ ጃተኒ ሳይሠሩ ከሚወስዱት መሃል ነበሩ። እኔ ራሴ ነኝ የሰፈርኩላቸው፤ ካሳ ይሁን ብዬ ጆንያውን ጢም አደረግኩት። ጆንያውን አዩ። እኔን አዩ።

«ልጄ፣ አሁን ደግሞ ልታደልቢኝ ነው?»

ከዚያ ወዲህ አስተርጓሚውን ወባ ከያዘው እኔንም ይይዘኛል፤ ከአልጋዬ አልወርድም!

እናንተስ? በሰው ቋንቋ ስትኩራሩ ማንን በላችሁ? ኮሜንት ላይ ተናዘዙ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።