የመንትዬ ሽማግሌዎች

ትናንት ከምሳ በኋላ ምንተስኖት ጌም ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ጋደም እንዳለ ሕልም ያዘው። ዓይኑ እንኳን በቅጡ አልተከደነም ነበር፤ ሕልሙ ከእንቅልፉ ቀድሞ ገባ።

ሰው በጭንቀት ሲተኛ እንዲህ ነው። ምንተስኖት ኮምቦልቻ ውስጥ ጌም ቤት አለው። አሮጌ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ሸጦ አዲስ የጌም ማጫወቻ ኮንሶል አስመጥቷል። ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያይዟት የቤት ናት፤ ነቅለው ሲይዟት ደግሞ የእጅ ትሆናለች። የሰፈሩ ልጆች በዚህ ምክንያት «መንትዬ» አሏት። መልኳ ያምራል፣ ክብደት የላትም፣ ስክሪኗ ያበራል። ችግሯ ጌም የላትም። ከፋብሪካዋ ይዛው የመጣችው አንዲት ጥንቸል ካሮት የምትለቅምበትን ጨዋታ ብቻ ነው። ኳሱን፣ መኪናውንና ተኩሱን የሚሠሩት ሌሎች የውጭ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለመንትዬ ይሥሩ አይሥሩ ትንፍሽ አላሉም።

ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ይልና «ኳስ አላት?» ይላል።

«ይመጣል» ይላል ምንተስኖት።

«እንግዲያው ሲመጣ እመጣለሁ» ብሎ ደንበኛው ይሄዳል።

ቤቱን ደግፋ የያዘችው የቀረችው አንዲት አሮጌ ማሽን ናት፤ ኳስ ያለባት እሷ ነች። ምንተስኖት እሷንም ሸጦ ሁለተኛ መንትዬ ሊጨምር አስቧል። ገዢው ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብሎታል። ሚስቱ ውብአንቺ ግን «እሷን ሸጠህ ኳሱ ሳይመጣ ቢቀር፣ ቤቱን ዘግተን ከጥንቸሏ ጋር ካሮት እንለቅማለን» ብላ አስጠንቅቃዋለች። ልሽጣት፣ አልሽጣት እያለ ሲዋልል ነው እንቅልፍ የጣለው።

በሕልሙ ጌም ቤቱ ያው ጌም ቤቱ ነበር። ቴሌቪዥኖቹ ግን አግዳሚው ላይ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል፤ ሰዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። አንዱ ቴሌቪዥን «ይሄኛው ሰውዬ ደብዝዟል» ብሎ ተነሣና የደንበኛውን ጭንቅላት ከጎኑ መታ መታ አደረገው። ሰውየው ወዲያው ጠራ።

ምንተስኖት ደንግጦ ወደ ውጭ ወጣ። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሞበታል። የመንግሥት ጸሐፊዎች ማኅተማቸውን ታቅፈው በአንዲት ሴትዮ በር ላይ ተሰልፈዋል።

«እባክዎ እሜቴ፣ መታወቂያ እንስጥዎ» ይላሉ።

«ሲስተም የለም! ነገ ተመለሱ!» አለችና መስኮቷን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችባቸው።

ከነሱ አጠገብ ሌላ ሰልፍ ነበር። ከጌም ቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ይወርዳል። ተሰላፊዎቹ በሙሉ ልብሳቸው ላይ ጋቢ የደረቡ ፈረንጆች ናቸው። ሰልፉን የምታስከብረው ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ትራፊክ ፍየል ነች።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» አላት።

«የጌም ድርጅቶች ናቸው። ልጅዎን ሊጠይቁ መጥተዋል።»

«እኔ ምን ልጅ አለኝ?»

ፍየሏ በቀንዷ ወደ ውስጥ አመለከተችው። መንትዬ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የቻርጀር ገመዷን ሹሩባ ተሠርታ፣ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከጎኗ ጥንቸሏ ነጠላ አጣፍታ እንደ አክስት ተሰይማለች። ምንተስኖት ወደ ራሱ ሲመለከት ጋቢ ለብሷል፤ ነጭ ጺሙ እንብርቱ ደርሷል። ለካ የሙሽራዋ አባት እሱ ነው!

«ቶሎ ዳራት» አለች ጥንቸሏ በሹክሹክታ። «እኔ ካሮት ሰልችቶኛል።»

ከሰልፉ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። የኳሱ ድርጅት ሽማግሌ ፊት ቀደመ፤ ጫማው ላይ ሣር በቅሏል። የመኪናው ሽማግሌ መሪ ጨብጦ እግሩን ሳያነሣ ተንሸራቶ ገባና ቦታ ሲጠበው ጢጥ ጢጥ እያለ ወደ ኋላ ተመለሰ። የተኩሱ ሽማግሌ በደረቱ እየተሳበ አግዳሚው ሥር ገባ።

«ቤት ለእንግዳ! ተቀመጡ» አለ ምንተስኖት።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም!» አሉ ሁለቱ።

«እኔ ተኝቻለሁ፤ መተኛት መቀመጥ አይደለም» አለ ሦስተኛው ከአግዳሚው ሥር።

ምንተስኖት ተገረመ። ፈረንጆቹን ወጉን ማን አስጠናቸው? የኳሱ ሽማግሌ ጋቢውን አስተካክሎ እጅ ነሣ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና መጥተናል። ልጅዎ ቤትም ትሆናለች፣ መንገድም ትወጣለች ሲባል ሰምተን ወደናታል። የኛም ልጅ ኳስ የተመሰገነ ነው። በየዓመቱ ልብስ ይቀይራል እንጂ ጠባዩ ያው ነው።»

የምንተስኖት ልብ ዘለለች። ውሰዷት፣ ዛሬውኑ ውሰዷት፣ ቻርጀሯንም ውሰዱ ሊል ነበር። ግን የሴት ልጅ አባት ነዋ! የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለማ ልጁ የተረፈችው ይመስልበታል። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ጺሙን ዳሰሰ፣ ቅንድቡን ከበድ አደረገ።

«እናስብበታለን» አለ። «ዘመድ አለ፣ አጎት አለ። እናማክራለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

ጥንቸሏ ባቱን ነከሰችው። «ምን ነካህ! ፈረንጅ እኮ ናቸው!»

የኳሱ ሽማግሌ ከጋቢው ሥር ቀይ ካርድ አውጥቶ ወደ ላይ አነሣ። «ገብቶናል። እምቢ ብለዋል።»

«ኧረ እኔ እምቢ አላልኩም!»

«እናስብበታለን አላሉም?»

«አልኩ! እሱማ የወጉ ነው! ነገ ስትመጡ ትንሽ ለዘብ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ…»

የሚሰማው አልነበረም። መኪናው ጢጥ ጢጥ እያለ ወጣ፣ ተኩሱ በደረቱ ተከተለ፣ ሰልፉም እስከ ቦርከና ድረስ ፊቱን አዞረ። ምንተስኖት ሊያስቆማቸው ሮጠ፤ በሮጠ ቁጥር ወደ ኋላ ሄደ። ፍየሏ ፊሽካዋን ነፋችበት።

«አባት ሆነው አይሮጡ! ያስነውራል!»

ከመንገዱ ማዶ ጁስ ቤት ያለው ጎረቤቱ ሰይድ በሩ ላይ ቆሟል። አጠገቡ የጁስ መፍጫው ቬሎ ለብሶ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ሰይድ «ውሰዱት!» አለ፤ «ከነክዳኑ ውሰዱት!» እልልታው ቀለጠ። ወዲያው መፍጫው ውስጥ ሁለት ቡድን ተጫዋቾች አቮካዶ እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው መራገጥ ጀመሩ። ዳኛው ማንጎ ነበር። ቴሌቪዥኖቹም፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው የነበሩት ደንበኞችም ተነቅለው «ጎል!» እያሉ ወደ ማዶ ሮጡ።

ጌም ቤቱ ባዶ ሆነ። መንትዬ የተደፋ አንገቷን ቀና አድርጋ አባቷን አየችው። ስክሪኗ ደብዘዝ ብሏል።

«አባዬ፣ እስከ መቼ ነው የምታስበው?»

ምንተስኖት እንደዚያ ቀን አዝኖ አያውቅም። ይቅርታ ሊላት አፉን ሲከፍት ካሮት ወጣ።

«ተነሣ እንጂ! ሰውየው መጥቷል!»

ውብአንቺ ትከሻውን ትነቀንቀዋለች። ጉንጩ ላይ የጆይስቲክ ቅርጽ ታትሟል። ገዢው ባጃጁን አስነሥቶ በሩ ላይ ይጠብቃል። ምንተስኖት ዓይኑን እያሻሸ ስልኩን ሲያይ አንድ ዜና ገብቷል። የኳሱን ጌም የሚሠራውን ድርጅት ጋዜጠኛ ጠይቆታል፤ ለዚህች ለአዲሷ ኮንሶል ጌም ትሠራላችሁ ወይ? ድርጅቱም መልሷል፤ እናስብበታለን።

ምንተስኖት ከአግዳሚው ላይ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ውብዬ! እሺ ብለዋል!»

«የታለ እሺ ያሉት?» አለች ስልኩን ቀምታ እያነበበች።

«እናስብበታለን ብለዋል! እናስብበታለን ማለት እኮ ወጉ ነው! አባትሽ ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር እናስብበታለን አይደል ሲሉ የከረሙት? ይኸው አላገባሁሽም?»

ምንተስኖት አሮጌዋን ማሽን በራሱ እጅ አቅፎ ባጃጁ ላይ ጫናት፣ ጆይስቲኮቿንም አስከትሎ ሰጠ። ከዚያ ጠመኔ አንሥቶ በሩ ላይ በትልልቁ «ኳስ በቅርብ ቀን» ብሎ ጻፈና ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ጽሑፉን አደነቀ።

ባጃጁ ጥጉን እስኪታጠፍ ውብአንቺ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና መንትዬን አንሥታ ጥንቸሏን ማስሮጥ ጀመረች።

«ምንቴ» አለችው ዓይኗን ከካሮቱ ሳትነቅል።

«ወዬ።»

«እኔ ጠፍቼ መጣሁ እንጂ፣ አባባ እኮ እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው።»