የጎበጠው ጣሪያ ምረቃ

ቁጥር የማይፈራ ሹም አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሐይቅ ከተማ፣ ልብስ በምሸጥበት ገበያ አጋጥሞኛል።

በጦርነቱ ፍንዳታ የጎበጠውን የገበያ አዳራሻችንን ጣሪያ ቀለም አስቀብቶ ሊያስመርቅ ተነሳ። መሐንዲሷ ዘሃራ ግን በኮምፒውተሯ ስታሰላ ሰንብታ፣ «ጋሼ፣ ይህ ብረት አንዴ ጎብጧል፤ አይመለስም። ክረምት ገብቶ ውሃ ሲያቁርበት ይወርዳል። ወላሂ ደህና ነው ብዬ አልፈርምም» አለችው።

«ጦርነት ያልጣለውን ቁጥር ሊጥለው ነው?» አላት።

«ገበያተኛው ከሥሩ ይቀመጥ ካሉ፣ እርስዎም ንግግርዎን ከሥሩ ቆመው ያድርጉ» አለችው።

ሹሙ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። በምረቃው ዕለት ስለ ጣሪያው ጥንካሬ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ከአዳራሹ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ። እኛም አጨብጭበን ስናበቃ ዕቃችንን እዚያው እሱ የቆመበት ቦታ ዘረጋን።