ከሐይቅ የወጣው ጭራቅ እና ጋሽ ሰላሀዲን

ቪዲዮ ቤት በነበረበት ከተማ ሁሉ አንድ ተርጓሚ ነበር፤ ተርጓሚ የተባለው ሁሉ ደግሞ የማያውቀውን ቋንቋ ነበር የሚተረጉመው። ሐይቅ ከተማም ክቡር ጋሽ ሰላሀዲን ነበሩላት። እንግሊዝኛቸው "የስ" እና "ኖ" ላይ ያልቃል። ፊልም ግን እሳቸው አፍ ከገባ ቶሎ አያልቅም።

ኢቲሳም በልጅነቷ አግዳሚ ላይ ተጣብባ ካየቻቸው ፊልሞች ሁሉ የማትረሳው አንዱን ነው፤ ከሐይቅ እየወጣ ሰው የሚበላ ጭራቅ ያለበትን። ጋሽ ሰላሀዲን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው፣ ዱላቸውን ቀስረው፣ "ነገሩ ወዲህ ነው" ብለው ይጀምራሉ። ፈረንጁ ጨለማ ቤት ሲገባ አንዱን በር "ቢስሚላሂ"፣ ቀጣዩን "በስመ አብ" እያለ ይከፍታል፤ ከተመልካቹ ማንም ቅር እንዳይለው ነው። በእሳቸው ትርጉም ጭራቁ መጀመሪያ የሚኖረው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነበር። ልጆች ልብስ ለማጠብ አንወርድም ሲሉ እናቶች ተቆጡ፤ ጎረቤታቸው እትዬ ስህንም እስጢፋኖስን የመሰለ ገዳም ባለበት ውሃ ጭራቅ አያድርም ብለው ተሟገቱ። በሳምንቱ ጭራቁ ወደ ጎረቤቱ ሐይቅ ወደ አርዲቦ ተዛወረ። የአርዲቦ ሰዎች ገበያ መጥተው ይህንን ሲሰሙ ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ፈረንጅ አገር ገባ።

ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ጋሽ ሰላሀዲን ዛሬ የእጅ ባትሪና የስልክ ገመድ ይሸጣሉ፤ ሰርግ ላይ ግን አሁንም ከፊት ይቀመጣሉ፣ "እስቲ ያችን ፊልም" ይባላሉ። የቀራቸው ክብር ይኸው ነው።

ታዲያ የኢቲሳም ወንድም ሙስዓብ፣ ጅዳ ሹፌር ሆኖ ሠርቶ የተመለሰው፣ ያንን ፊልም ከኢንተርኔት አገኘው፤ ከሥሩ የዐረብኛ ጽሑፍ ተደርጎለታል። ጁምዓ ከሰገደ በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ አዲሱ ቴሌቪዥን ፊት ሰበሰበ። ኢቲሳም ፊልሙን ቀድማ አይታው ስለነበር ተወው ብላ ለምናዋለች። እሱ ሰው እውነቱን ቢያውቅ ምን ነውር አለው አላት። ጋሽ ሰላሀዲን ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ከፊት ተቀመጡ።

ፊልሙ፣ እውነት ለመናገር፣ መናኛ ነው። ጭራቁ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ዚፕ አለው፤ ጋሽ ሰላሀዲን ጦር የወጋው ጠባሳ ነው ያሉት ይኸንን ነበር። ከላይ ብቅ የሚለው የሌሊት ወፍም የፊልም ሠሪዎቹ ማይክ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ጫካ ሦስት ዛፍ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሽ ሰላሀዲንም አብረው ሊስቁ ሞከሩ።

ሴትዮዋ ውሃው ዳር ቆማ የምታለቅስበት ቦታ ሲደርስ ግን ሳቁ በረደ። እትዬ ስህን የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። በጋሽ ሰላሀዲን ትርጉም ይህቺ ሴት ልጇን ውሃ የወሰደባት እናት ናት፤ ከተማው በሙሉ አልቅሶላታል። ሙስዓብ ፊልሙን አቆመው።

"ከሥር ተጽፏል እኮ" አለ። "ሴትዮዋ ልጅም የላት። መኪናዬ ተበላሸ፣ ሰው ጥሩልኝ ነው የምትል። ጋሽ ሰላሀዲን ይኸን ሁሉ ዘመን ሲዋሹን ኖረዋል ማለት ነው።"

ጋሽ ሰላሀዲን አንገታቸውን ደፍተው ዱላቸውን ፈለጉ፤ ሊሄዱ ነው። ኢቲሳም እኚህን ሰውዬ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

"ይቀመጡ፣ ጋሼ" አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። "ሪያድ ለሰው ቤት ሥራ እንደገባሁ አንድ ቃል ዐረብኛ አላውቅም ነበር። የቤቱ እመቤት ጠዋትም ማታም ትጮህብኛለች። እኔ ታዲያ፣ ጋሽ ሰላሀዲን ቢኖሩ እንዴት ይተረጉሟት ነበር እላለሁ። ስትጮህ፣ ደክሞሻል አረፍ በይ ነው የምትለኝ እላለሁ። ሳህን ስትወረውር፣ እናትሽ ደህና ናት አብሽሪ ነው የምትለኝ እላለሁ። ወላሂ፣ እንዲያ እያልኩ ነው የከረምኩት።"

"ኋላስ?" አለ ሙስዓብ፣ ቀስ ብሎ።

"ኋላማ ዐረብኛውን ለመድኩት። ያኔ ነው የከፋኝ።"

ሙስዓብም የሰው አገር ጩኸት ያውቃል። ሪሞቱን አንስቶ ፊልሙን መልሶ አስጀመረና ድምፁን አጠፋው። ጽሑፉ ግን አልጠፋ ብሎ አስቸገረው፤ ቁልፉን ሁሉ ነካክቶ ሲያቅተው ተነሳና ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ አውርዶ የቴሌቪዥኑን የታችኛውን ጠርዝ ሸፈነበት። ተመልሶም ከጋሽ ሰላሀዲን እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።