ቺፕስ ከምሳ ዕቃ ስለ ተሻረበት ዘመቻ

በዓመተ መንግሥቱ ለኃያል ልብስ ሰፊ፣ ሊቀ መርፌ ወክር፣ መኰንነ መቀስ፣ የአማታቸውን ቁጣ ለማይፈሩ (ፊት ለፊት ካልሆነ በቀር)፣ ልጃቸው አዲስ ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ወር፣ ይህ የምጽፈው ነገር ሆነ።

ነርስ የሆኑት እመቤት ባለቤታቸው የልጅቱን ምሳ ዕቃ ከፍተው ቢያዩ ዳቦው እንደ ሄደ ተመልሷል፤ የቺፕሱ ከረጢት ብቻ ባዶውን ተጨማዶ ተኝቷል፤ ልጅቱም ሆዷን ይዛ ታቃስታለች። በዚህም ጊዜ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ቺፕስ የሚባል ጨውና ዘይት በዚህ ቤት ምሳ ዕቃ ውስጥ ቢገኝ፣ የከተተው እጅ ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ያጥባል። ምትኩን አባትየው ይፈልግ።» ይህንንም ብለው ወደ ሆስፒታል ተረኛነታቸው ሄዱ።

ጌታችን ያኔ ያላወቁትን፣ እኔ ጸሐፊው ኋላ የተረዳሁትን እዚህ ላይ አስቀድሜ ልናገር፤ ታሪክ ጸሐፊ ለዚህ ካልሆነ እንጀራውን በምን ይበላል? ልጅቱ ለትምህርት ቤቱ እንግዳ ነበረች። የክፍሏ ልጆች የሚከቧት ከረጢቷን ከፍታ «ዝገኑ» ስትል ብቻ ነበር። ያ ከረጢት ከቀረ ምሳዋን ብቻዋን ልትበላ ነው።

ጌታችንም ይህን ሳያውቁ ሜትራቸውን ባንገታቸው አንጠልጥለው ለዘመቻ ተነሡ። የተከተሏቸው እነዚህ ናቸው፦ በቀኝ የወጥ ቤቱ ሹም አማታቸው፣ ሳይጠየቁ የሚመክሩ፤ በግራ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ጎረቤታቸው፣ በድምፁ ጡሩምባ የተባለው፣ ቀማሽ ሆኖ የተሾመ፣ ባይሾምም የማይቀር፤ ከኋላም መክተፊያው፣ ቢላዋውና የአማትየው ማጉረምረም ተሰልፈው ሄዱ።

በመጀመሪያ በካሮት ላይ ዘመቱ፤ በሜትር እየለኩ እንደ ቀበቶ ማስገቢያ እኩል እኩል ቢቆርጡት አማታቸው የሚሠራው ምሳ ይሁን ሱሪ አልለየልኝም አሉ፤ ካሮቱም እንደ ተሰለፈ ተመለሰ። ቀጥለው ፖም ቆረጡ፤ እንዳይጠቁርም መልሰው ገጥመው በክር አሰሩት፤ ነገር ግን ቋጠሮው የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነበርና ልጅቱ ስትፈታ ስትፈታ የምሳ ሰዓት አለቀ። ከዚያም ፈንዲሻ አፈነዱ፤ ትኩሱን ቢከድኑት በላበት ራሰ፤ ልጆቹም አንድ ጊዜ ዘግነው እንደ ጥጥ ቢሆንባቸው ተበተኑ።

ልጅቱ ከቀን ወደ ቀን አንገቷን ደፋች። ጌታችን ይህን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የሽንኩርት ነው አሉ። እኔ ግን እዚያው ነበርሁ፤ በዚያ ቀን በዚያ ቤት ሽንኩርት አልተከተፈም።

በኋላም ልጅቱ በልብስ ስፌት መኪናው ወንበር ላይ ቆማ በታላቅ ድምፅ አወጀች፦ «ስሙ! ካሮት አይዘገንም። ፖም አይዘገንም። የማይዘገን ነገር ይዤ ‹ዝገኑ› ብል ማን ይመጣልኛል? ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል።»

ጌታችን ይህን በሰሙ ጊዜ መርፌ እንደ ወጋው ሰው ብድግ አሉ። ለካ እርሳቸው ከጣዕም ጋር ሲዋጉ ሰንብተው ኖሯል! ወዲያው ሽምብራ አስመጥተው ዘፈዘፉ፣ ቀቀሉ፣ በፎጣ አደረቁ፣ በጥቂት ዘይትና በቅንጣት ጨው አሽተው ወደ ኦቭን ሰደዱ። የፊተኛው ዙር ጠጠር ወጣ፤ ጡሩምባም ለመቅመስ ቸኩሎ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ለሁለት ሰበረ፣ እስኪጠገንለትም ድረስ ፉጨት ሆኖ ሰነበተ። አማታቸው እሳቱን ቀንሱ፣ አሁንም አሁንም አገላብጡ፣ ሳይበርድ እንዳትከድኑ ብለው ገሠጿቸው፤ ጌታችንም አንገታቸውን ደፍተው ታዘዙ፤ የኋለኛው ዙር ሲነክሱት ቀርጨም የሚል፣ አፍ ውስጥ የሚፈረፈር ሆነ። ከዚህ በኋላ ከተረፈ ጨርቅ ከረጢት ሰፉ፤ አፉንም የልጅ እጅ ገብቶ፣ እፍኙን ሞልቶ እንዲወጣ አድርገው ለኩ። በዓለም ላይ እጅ ለመዝገን የተለካበት ከረጢት ከዚህ በፊት ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

በማግስቱ ጌታችን ልባቸው ትምህርት ቤት ስለ ዋለ፣ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ሁለቱንም እግር ግራ አድርገው ሰፉት። አመሻሹ ላይ ልጅቱ በሩን በርግዳ ገባች፤ ጫማዋንም ሳታወልቅ አወጀች፦ «ስሙ! ሁሉም መጥተው ዘገኑ። ለእኔ አንዲት ፍሬ እንኳ አልደረሰችኝም። ለነገ እጥፍ ይሁን!»

ይህን የተናገረችው ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቀች ነበር። ጌታችንም በዚህ ጊዜ ሽንኩርት ሳያመካኙ በግልጽ አለቀሱ።

ኦ ልብስ ሰፊ፣ ኃያለ ሽምብራ፣ መዋዔ ቺፕስ፣ የባዶ ከረጢት ባለድል! አገር ያቀና ብዙ ነው፤ የልጁን ወንበር ዙሪያ በልጅ ያስሞላ ግን እንደ እርስዎ ማን አለ? ስምዎ በምሳ ደወል ሁሉ ይነሣ፤ እጅዎ ይባረክ፤ ልጅዎም ዘጋኝ አይጥፋባት፣ ለራሷ ሳይደርሳት የምትስቅበት ቀን ይብዛላት።