በማን ተራ?

የመንግሥት ሆስፒታል ያለ መድኃኒት ይውላል፤ ያለ ሐኪምም ያድራል። ያለ ወረፋ አስከባሪ ግን አንዲት ማለዳ አይዘልቅም። ማንም አይሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። የኛው የልብ ክፍል ወረፋ አስከባሪ ክቡር ጋሽ ዝርዝር ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው።

ነጻው ምርመራ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ጋሽ ዝርዝር ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ደርሰው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ስም ይጽፋሉ። "ወረፋ ዘመድ የለውም!" ይላሉ፣ ገና ማንም ሳይናገራቸው።

አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ አማት ሰተት ብለው ሊገቡ ሲሉ ጋሽ ዝርዝር በሩ ላይ ተገተሩባቸው።

"እሜቴ፣ ሃያ ሦስተኛ ነዎት።"

"ማን መሆኔን ያውቃሉ?"

"አሳምሬ! ሃያ ሦስተኛ።"

ሴትዮዋ ተቀመጡ።

ሌላ ቀን ከረባት ያሰረ ጎልማሳ፣ "እኚህ ሽማግሌ ደክሟቸዋል፣ ይቅደሙ እንጂ!" አለ። ጋሽ ዝርዝር ደብተሩን ገለጡ። "መልካም! እሳቸው በአንተ ሦስተኛ ይግቡ፤ አንተ በሳቸው ሠላሳኛ ጠብቅ። በሰው ተራ መጽደቅ የለም።" የጎልማሳው ደግነት ወዲያው በረደ።

እናቴ አጠገቤ እያቃሰተች እኔም ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ነርሷ ብቅ አለች። "አንዱ መሣሪያ ተበላሽቷል። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምናየው፤ የቀራችሁ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ።"

አሥራ ሁለተኛዋ እናቴ ነበረች። አሥራ ሦስተኛዋ የጋሽ ዝርዝር ባለቤት፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ከትንፋሻቸው ጋር ይታገላሉ። ባልና ሚስቱ ከሁላችን ቀድመው እንደሚመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ዝርዝር ግን "እርሳስ የያዘ ራሱን አያስቀድምም" እያሉ ሁልጊዜ ደርዘን ሰው አስቀድመው ነው ሚስታቸውን የሚጽፏቸው።

"ኧረ ጋሼ፣ ቀድመው የመጡት እርስዎ ነዎት! ያስገቧቸው!" አለች ከኋላ ሃያ ስድስተኛዋ።

"በማን ተራ?" አሉ።

ሃያ ስድስተኛዋ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር። እኔም የእናቴን ጫማ ማየት ጀመርኩ። እናቴ ሦስት ወር አትቆይም። ሚስታቸውም አይቆዩም።

"አሥራ ሁለት" አሉ ጋሽ ዝርዝር። የእናቴን ስም በእርሳሳቸው ሰረዙ። "እትዬ፣ ቀስ ብለው፤ ደረጃ አለው።" እናቴን ደግፈው እስከ በሩ አደረሷት።

ስረግማቸው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን እንደ አባት ወደድኳቸው። ወድጄም 'በእናቴ ተራ ይግቡ' ብዬ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁ። ምነው፣ ያቺን አንዲት ቀን እንኳ ሌባ በሆኑ ኖሮ!