የሦስት ታቦት በሬ

ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል። ሎተሪን የፈጠረው ሰውዬ ይህን ተረት ሳይሰማ አልቀረም። ደመወዝተኛ ከወሩ አጋማሽ በኋላ በምን የሚኖር ይመስላችኋል? በሽሮ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ሽሮ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰው አያኖርም። የሚያኖረው ኪሱ ውስጥ የታጠፈችው ያቺ ቁራጭ ወረቀት ናት። ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ሀብታም ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ይቆርጣል።

አሁን አሁን በውጭ አገር ባለዕድል ያልተገኘለት ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዕጣ ይሻገራል አሉ፤ እዚያም ካልተገኘ እንደገና ይሻገራል፤ እንዲህ እየተንከባለለ ተራራ ያህላል። ይህን ያጫወተኝ ጎረምሳ ጉድ የነገረኝ መስሎት ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አይ ልጄ! እኛስ በደርግ ጊዜ ጎንደር ላይ ሎተሪ ስንቆርጥ የሚንከባለል ያልነበረን መስሎሃል? ነበረን እንጂ። የእኛ የሚንከባለለው ስለቱ ነበር።

አጨዋወቱን ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ትኬት ይቆረጣል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ቀጥሎ ታቦት ይመረጣል። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ማን ተመርጦ ማን ይቀራል? ብቻ እንደምንም አንዱን መርጦ፣ በሩን ተሳልሞ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መሳል ነው። ለመጀመሪያው ዕጣ ጧፍ ይበቃል። ካልወጣ ስለቱ አንሷል ማለት ነውና ለሁለተኛው ጃንጥላ፣ ለሦስተኛው ምንጣፍ እየተባለ ይወጣል። ጥፋቱ የቁጥሩ ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ ሰው አላየሁም። የመጨረሻው ደንብ ደግሞ ስለትን ለሰው አለመናገር ነው። ጉድ ያፈላችብን ይህቺው ደንብ ናት።

ሦስት ሆነን ነበር የምንቆርጠው። አንዱ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለተኛው ጓድ መኳንንት ነው፤ በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖራለን፣ በመሥሪያ ቤት ደግሞ የውይይት ክበባችን መሪ ነው። መኳንንት የሚል ስም ይዞ ፊውዳሊዝምን ማውገዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከሁላችን አብልጦ የሚጮኸው ለዚህ ይመስለኛል። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሃይማኖትም ሎተሪም ጭቁኑን ሕዝብ ማደንዘዣ መሆናቸውን ያስተምረናል። ቅዳሜ ጧት የትኬቱን ሲሶ ያዋጣል። ትኬቱን የምናስቀምጠው እሱ ዘንድ፣ ቀይ ሽፋን ባለው የርዕዮተ ዓለም መጽሐፉ ውስጥ ነበር፤ ማንም ሰው አይገልጠውምና።

ሦስተኛው አያ ድረስ ናቸው፣ የአክስቴ ባል፣ ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ያለችው የኮሶዬ ገበሬ። ቅዳሜ ድንቻቸውን በጭነት ማኪና አምጥተው ጆንያውን ከግቢያችን ያሳርፋሉ። እኔና መኳንንት ሎተሪ የምንቆርጠው ለምኞት ነው፤ እኔ ሬዲዮ፣ እሱ ሱፍ ልብስ ያምረን ነበር። አያ ድረስ ግን የጨነቃቸው ሰው ነበሩ። ያላቸው አንድ በሬ ነው። መቀናጇቸው፣ ማለትም ሌላውን በሬ ይዞ በየተራ አብሯቸው የሚያርሰው ጎረቤታቸው፣ በሬውን ሸጦ ሑመራ ገባ። በአንድ በሬ አይታረስ! የገበሬ ማኅበሩ ደግሞ ከርሞ ጦም የሚያድር መሬት ለሌላ ይሰጣል ብሏል። «ምነው ልጄ፣ መሬቴ በዓይኔ እያየሁት ሊሄድ ነው?» ይሉኛል። እኔ ምን እላለሁ? ትኬት እንቁረጥ እላለሁ።

ቆረጥን። አልወጣም። ደግመን ቆረጥን። እንዲህ ስንል ክረምቱ አልፎ፣ በጋው ተጋምሶ፣ የእኔ ስለት ከጧፍ ተነሥቶ «ከሚደርሰን ገንዘብ እኩሌታው» ደረሰ። ከዚያ በላይ መሄድ ታቦቱን መዳፈር መሰለኝና አቆምኩ።

እናንተዬ፣ ወጣ! የመጀመሪያው ዕጣ አይደለም፣ ሁለተኛውም አይደለም፤ ከግርጌ አካባቢ ካሉት አንዱ ነው። ቢሆንም አንድ ሸጋ በሬ ገዝቶ፣ ለመመለሻ ጠላ የሚተርፍ ነበር። መኳንንት ቁጥሩን ከጋዜጣው ላይ ሦስት ጊዜ አነበበልን። ሦስታችን ተቃቅፈን ድንች ላይ ዘለልን። እኔም መኳንንትም ወዲያው ገንዘቡ ለበሬው ይሁን አልን፤ ሬዲዮውም ሱፉም ይቅር። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት እንደመጣብኝ ዛሬም አላውቅም።

አያ ድረስ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። ግን በሬውን አልገዛም» አሉ።

«ምነው?»

«እኩሌታውን ለጊዮርጊስ ተስያለሁ።»

ምን ይደረጋል፣ የእኔም እኩሌታ ለአቦ የተሰጠ መሆኑን ተናገርኩ። እኩሌታና እኩሌታ ሲደመር አለቀ ማለት ነው። ይህም ሳያንስ መኳንንት ጉሮሮውን ጠረገ፤ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱንም ዘጋ። «ገብርኤል» አለ።

«ስንቱን?» አልኩት።

«እኩሌታውን ነዋ!»

ሳቅ አይሉት ልቅሶ የሆነ ነገር ያዘን። አንድ ትኬት ሦስት እኩሌታ አወጣ። አያ ድረስ ግን አልሳቁም፤ አንድ ባዶ ጆንያ አጣጥፈው ተቀመጡበት።

ሲቸግረን የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድን። መኳንንት በር ላይ ቀረ፤ ያም ሆኖ ጆሮው ውስጥ ነበር። አባ ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «የባልንጀራችሁን ድርሻ የምትሳሉት ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» ብለው ተቆጡን። ቁጣቸው ሲበርድ ፈረዱ። በሬው ይገዛ፤ በሬውም የሦስቱ ታቦት ይሁን፤ አያ ድረስ ይረሱበት፤ በያመቱ ከሚያገኙት ስንዴ ለሦስቱም መገበሪያ ያግቡ። «ታቦት ከታቦት አይጣላም፤ የምትጣሉት እናንተ ናችሁ» አሉን። አያ ድረስ ገንዘቡ በተከፈለን ማግስት ትክል ድንጋይ ገበያ ወርደው አንድ ግንባረ ቦቃ በሬ እየነዱ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ግን መኳንንት አፍ አለው፣ ይባስ ብሎም ብዕር አለው። የውይይት ክበቡ በተግባር ምን ሠራ የሚል ጥያቄ ከበላይ ሲመጣበት፣ የሚጽፈው አጣና «ሦስት ጓዶች አንድ የእርሻ በሬ በጋራ ንብረትነት አፍርተዋል» ብሎ ላከ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ሪፖርቱ ከመጠን በላይ ተወደደ። የጋራ ከሆነማ ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይግባ ተባለ። አንድ ኃላፊ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ እኔንና መኳንንትን ከማኪናው ኋላ ጭኖ ወደ ኮሶዬ ወጣ።

ስንደርስ አያ ድረስ ጠምደው ያርሳሉ። እርሻው ገና ሲሶው ነው የተገለበጠው። ኃላፊው ደብተሩን አውጥቶ «የጋራ ንብረት» የሚል ርዕስ ጻፈና የመጣበትን ነገራቸው። አያ ድረስ እርፉን ለቀው ሄዱና የቦቃውን አንገት አቀፉ። እኔ ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ከመኳንንት ጋር አገናኝቼ የአክስቴን ባል በሬ ያስወሰድኩት እኔ ነኝና።

መኳንንት ወደ ፊት ራመድ አለ።

«ጓድ፣ በሬው የጋራ ነው ያልኩት ውሸት አይደለም» አለ። «የጋራነቱ ግን የእኛ አይደለም። የጊዮርጊስ፣ የአቦና የገብርኤል ነው። በሎተሪ የተገኘ የስለት በሬ ነው። ለገብርኤል የተሳልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔን ጠይቁኝ፤ የሰውዬውን በሬ ተዉለት።»

በዚያ ዘመን የውይይት ክበብ መሪ ይህን ተናግሮ ከሥራ ብቻ ቢባረር ተመስገን ነው። ለሁለት ዓመት ጩኸቱን ስሰማ አንድም ቀን ወድጄው የማላውቀውን ሰው እዚያው እርሻ መሐል ወደድኩት።

ኃላፊው ብዕሩን ከደብተሩ ላይ አነሣ። ከዚያ ሁለቱን ተከታዮቹን ማኪናው ጋ ሂዱና ጠብቁኝ አላቸው። ጀርባቸውን እስኪሰጡ ጠብቆ ወደ መኳንንት ተጠጋ።

«ለመሆኑ ከሦስቱ የትኛው ነው የሰማችሁ?» አለ በሹክሹክታ። የደረት ኪሱን ዳበስ አደረገ፤ ከውስጡ የታጠፈች የትኬት ጫፍ ብቅ ብላለች።

ረቡዕ ረቡዕ መልስ አጥቶ የማያውቀው መኳንንት እኔን አየኝ፤ እኔም አያ ድረስን አየሁ። አያ ድረስ የቦቃውን አንገት ሳይለቁ፣ «ጓድ ጌታዬ፣ እሱን እኛም አናውቀው። አንዳቸውም እንዳይቀየሙ ለሦስቱም ይሳሉ» አሉ።

ኃላፊው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። በሬውን ሊመዘግብበት የከፈተውን ደብተር ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ፣ «የጋራ ንብረት» ከሚለው ርዕስ ሥር በተራ ቁጥር ጻፈ፦ ጊዮርጊስ፣ አቦ፣ ገብርኤል።