እኔ ልዩ፣ እሱ ተራ

ምንዳዬ፦ እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅህና ልተውህ። ፕራይቬት ማለት የግል ነው አይደል?

ቴዎ፦ አዎ አልኩህ እኮ! ፕራይቬት ቱር። ለብቻ የሚደረግ ጉብኝት።

ምንዳዬ፦ ለብቻ ከሆነ ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?

ቴዎ፦ ለብቻ ማለት… ለብቻችን ማለት ነው። ሌላ ሰው አይቀላቀለንም።

ምንዳዬ፦ ከቂርቆስ እስከዚህ በእግሬ ስመጣም የተቀላቀለኝ የለም። እሱም ፕራይቬት ነበር ማለት ነው?

[ጠዋት ነው። ካዛንቺስ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቆመዋል። ቴዎ እዚያው ካዛንቺስ ቢሮ የሚሠራ፣ ጫማውን አስጠርጎ የመጣ፣ ለማያውቀው ነገር መልስ አጥቶ የማያውቅ ወጣት ነው። ምንዳዬ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ቂርቆስ ትንሽ ሱቅ አለችው። ነገር እስኪገባው ጊዜ ይወስዳል እየተባለ ይታማል። በእጁ ያበጠ ፌስታል ይዟል።]

ቴዎ፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ምንዳዬ፦ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ጃኬት። ታሪካዊ ቦታ ልንጎበኝ ነው አልክ። ብናድርስ?

ቴዎ፦ አራት ኪሎ እኮ ነው የምንሄደው!

ምንዳዬ፦ አራት ኪሎ ለመሄድ አስጎብኚ? ታክሲ ብትይዝ ረዳቱ ራሱ «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» እያለ ያስጎበኝሃል።

ቴዎ፦ ምንዳዬ፣ በፈጠረህ ስማኝ። ማታ ሐሴት ቤት እራት ተጠርቻለሁ። አባቷ ፊት ስቀርብ የመጀመሪያዬ ነው።

ምንዳዬ፦ አውቃለሁ። ዶሮ አለ ብለኸኛል።

ቴዎ፦ ዶሮውን ተወው! አባቷ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ሐሴት ደግሞ «ታሪክ አዋቂ ነው» ብላ ነግራቸዋለች።

ምንዳዬ፦ ማንን?

ቴዎ፦ እኔን ነዋ!

ምንዳዬ፦ (ቆም ብሎ አይቶት) እሷን ማን ዋሻት?

ቴዎ፦ ዋሸ አይባልም። ማለቴ… ጨዋታ ላይ «በዚህ ከተማ ያላየሁት ታሪካዊ ቦታ የለም» የሚል ነገር አመለጠኝ። እሷ ለአባቷ አወራች። እሳቸው ደግሞ «ይምጣና እንጨዋወታለን» አሉ። እንጨዋወታለን! ገባህ? ፈተና ነው። እዚያ ማዕድ ላይ ከወደቅሁ ሐሴትን አጣኋት ማለት ነው።

ምንዳዬ፦ እና ከታሪካዊ ቦታዎቹ ስንቱን አይተሃል?

ቴዎ፦ ከታክሲ መስኮት?

ምንዳዬ፦ ገብተህ።

ቴዎ፦ …ሙዚየሙ በር ላይ ሰው ቀጥሬ አውቃለሁ።

[ቴዎ ይህን ያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ለወትሮው ፍርሃት አያውቀውም፤ ዛሬ ግን ፈርቷል። ሐሴትን ይወዳታል፤ ያውም ከልቡ።]

ምንዳዬ፦ እኔ እንኳ ካዛንቺስ ራሷ የት እንደሄደች የሚያስጎበኘኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ጋ ቁርስ ቤት አልነበረም?

ቴዎ፦ ፈርሷል።

ምንዳዬ፦ ከጎኑ ያለው ጸጉር ቤትስ?

ቴዎ፦ ፈርሷል። በቃ ዝም በል፣ መጣልን!

[ነጭ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ሸንቃጣ ወጣት ከሾፌሩ ወንበር ዱብ ብሎ ወረደና ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ያዘ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ልዩ» ተብሎ ተጽፏል።]

ቴዎ፦ አየህልኝ? ልዩ!

ምንዳዬ፦ ልዩ ማን ናት?

ቴዎ፦ (በሳቅ ፈርሶ) ማን ናት ይለኛል! ቅጽል እኮ ነው ወንድሜ! ለአስጎብኚ ድርጅቱ ስደውል «ደህናውን ላኩልኝ» ብያቸዋለሁ፤ ልዩውን ማለቴ ነው። ጁስ ቤት ገብተህ «ስፔሻል» የሚል ስታይ ስፔሻል ማን ናት ትላለህ?

ምንዳዬ፦ ስፔሻልን በር ላይ ወጥቶ የሚጠብቃት አይቼ አላውቅም። ደግሞ ማዶ ያለው ልጅ ስምህን ይዟል።

ቴዎ፦ እዚህ ሰፈር ስሜን ያልያዘ ማን አለ? ካዛንቺስ እኮ ነው የምሠራው። ና!

ሃይለአብ፦ እንደምን አደራችሁ! አስጎብኚያችሁ ሃይለአብ እባላለሁ። ልዩ እርስዎ ነዎት?

ቴዎ፦ (ደረቱን ነፋ አድርጎ) ምን ጥያቄ አለው? ልዩ ነኝ።

ሃይለአብ፦ ይቅርታ፣ ስልክ ላይ የሴት ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ቴዎ፦ ጸሐፊዬ ትሆናለች።

ምንዳዬ፦ ጸሐፊ አለህ እንዴ?

ቴዎ፦ (በክርኑ ጎሸም አድርጎት) ዝም በል።

ሃይለአብ፦ ሁለት ሰው ነው የተባልኩት፣ ትክክል ነው። እኚህስ?

ቴዎ፦ እሱማ ተራ ነው።

ሃይለአብ፦ (እጁን ዘርግቶ) አቶ ተራ፣ እንኳን ደህና መጡ! በዚህ በኩል ይግቡ።

ምንዳዬ፦ (በሹክሹክታ) ማንን ነው?

ቴዎ፦ የአገልግሎት ደረጃ ነው። እኔ ልዩ፣ አንተ ተራ። ግባ ዝም ብለህ።

ምንዳዬ፦ ተራው ምሳ አለው?

[ሚኒባሱ ዳገቱን ተያያዘው። ቴዎ ከፊት፣ ምንዳዬ ከኋላ ከነፌስታሉ ተቀምጠዋል። ቴዎ «አቶ ልዩ» በተባለ ቁጥር እየጣመው ሄደ፤ አክብሮት ቶሎ ይለመዳል።]

ሃይለአብ፦ አቶ ተራ፣ ሰፈርዎ የት ነው?

ምንዳዬ፦ አሁን ቂርቆስ። የተወለድኩት ግን ሰንጋ ተራ ነው።

ሃይለአብ፦ አሃ! ስሙን ያወጡልዎት ከሰፈሩ ነው ማለት ነው! ደስ ይላል።

ምንዳዬ፦ ቴዎ፣ ይሄ ልጅ ምን እያለኝ ነው?

ቴዎ፦ ለሁሉም እንግዳ እንደዚህ ነው የሚሉት። ሙያው ነው።

ሃይለአብ፦ እንግዲህ አራት ኪሎ ደርሰናል። ይህ ከፊታችን የምናየው ሐውልት…

ቴዎ፦ (ከአፉ ነጥቆ) የካቲት አሥራ ሁለት!

ሃይለአብ፦ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው፣ አቶ ልዩ። የየካቲት አሥራ ሁለቱ ስድስት ኪሎ ነው ያለው።

ቴዎ፦ እኔም እኮ… ማለቴ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ጠቅልዬ ነው የተናገርኩት።

ምንዳዬ፦ መጋቢት ታዲያ የቱ ጋ ነው የቆመው?

ሃይለአብ፦ (ሳቁን ውጦ) ቀጥለን ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን ድንቅነሽን እንጎበኛለን። ዕድሜዋ ሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይገመታል።

ምንዳዬ፦ ውይ! እንኳንም ባዶ እጃችንን አልመጣን። ሙዙን እሰጣታለሁ።

ቴዎ፦ ለማን ነው ሙዝ የምትሰጠው?

ምንዳዬ፦ ለአሮጊቷ ነዋ። ሰው ልጎበኝ ብሎ ባዶ እጁን ይሄዳል? በእናትህ ቤት እንደዚያ ነው የተማርከው?

ቴዎ፦ አጥንት ብቻ ናት እኮ!

ምንዳዬ፦ ያለ ጠያቂ ቀርታ ነዋ! እናንተም ደርሳችሁ በሯ ላይ ሰው ትቀጥራላችሁ እንጂ ገብታችሁ እንዴት ነሽ አትሏት።

[ሃይለአብ መሪውን ይዞ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ቴዎ ግን አልሳቀም። «ሚያዝያ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት አራት ኪሎ» እያለ በልቡ እያጠና ነበር፤ ያውም ገልብጦ። ሙዚየሙ በር ላይ ሚኒባሱ ሲቆም የሃይለአብ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ አነሳው።]

የሴት ድምፅ፦ ሃይለአብ ነህ? ምነው ልጄ ጥለኸን ቀረህ? ሆቴሉ በር ላይ ቆመን እግራችን ዛለ እኮ!

ሃይለአብ፦ ማን ልበል?

የሴት ድምፅ፦ ልዩ ነኝ!

ሃይለአብ፦ (ወደ ቴዎ ዞሮ) አቶ ልዩ፣ ጸሐፊዎ ናቸው። ስማችሁ አንድ ነው እንዴ?

የሴት ድምፅ፦ የማን ጸሐፊ? ወይዘሮ ልዩ ነኝ! ጉብኝቱን ለባለቤቴ ያዘዝኩት እኔ ነኝ!

ምንዳዬ፦ (ረጋ ብሎ) ቴዎ፣ ቅጽሏ ደወለች።

[ቴዎ ከጆሮው ጀምሮ ቀላ።]

ወይዘሮ ልዩ፦ ባለቤቴ ደጉ ማታ እንግዳ አለበት እኮ ልጄ። ልጃችን ሐሴት አንድ ታሪክ አዋቂ ልጅ ይዛብን ትመጣለች። ዕድሜ ልኩን ስፖርት ያስተማረ ሰው ስለ ሐውልት ከየት ያመጣል? ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም፤ «በልጁ ፊት ልዋረድ ነው» እያለ። የሰፈር ሰው እንዳያየን ብለን እኮ ነው ከመስቀል ፍላወር እዚህ መጥተን የቆምነው!

ቴዎ፦ ስፖርት?

ወይዘሮ ልዩ፦ ደግሞ እዚህ ማዶ «ቴዎ» የሚል ሰሌዳ የያዘ ልጅ ቆሟል። ቴዎ ማለት የማታው እንግዳችን ስም ነው። ደጉ ሄዶ ቢጠይቀው «ምንም አላውቅም፣ ከዜሮ ጀምረህ አስረዳኝ ያለ ደንበኛ ነው» አለው። «ሌላ ቴዎ ነው» ብዬ አረጋጋሁት።

[ቴዎ የምንዳዬን ክንድ ጨመቀው።]

ቴዎ፦ ማዶ የኔ አስጎብኚ ነበር? ለምን አልነገርከኝም?

ምንዳዬ፦ ስምህን ይዟል አልኩህ። ዘምሬ ልንገርህ?

ቴዎ፦ ሃይለአብ፣ እኔን እዚሁ አውርደኝ። እሮጣለሁ።

ምንዳዬ፦ ሩጥ። ማታ ግን ዶሮው ፊት ስትቀርብ «ቀን ላይ የሴትየዋን መኪና ወስጄ ነበር» ትላቸዋለህ ወይስ «ጸሐፊዬ ናት» ትላቸዋለህ?

[ቴዎ በሩን ሊከፍት የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ሚኒባሱ ዞረና ቁልቁል ወደ ካዛንቺስ ተመለሰ፤ መንገዱ ደግሞ እንደ ዛሬ አጥሮበት አያውቅም። ሆቴሉ በር ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴትና ኮፍያ ያደረጉ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ማዶ «ቴዎ» የሚል ሰሌዳ የያዘው ልጅ እስካሁን አለ። ቴዎ ወረደ።]

ወይዘሮ ልዩ፦ የቱ ነው ልዩ ነኝ ያለው?

ቴዎ፦ (አንገቱን ደፍቶ) እኔ ነኝ፣ እትዬ።

ሃይለአብ፦ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ስማቸውን በደንብ ሳልጠይቅ…

ቴዎ፦ አንተ ምንም አላጠፋህም። ጋሼ ደጉ፣ እኔ ቴዎ ነኝ። የሐሴት… ማለቴ… የማታው እንግዳ።

አቶ ደጉ፦ (ኮፍያቸውን አውልቀው) ታሪክ አዋቂው?

ቴዎ፦ አይደለሁም። አንዱንም ገብቼ አይቼ አላውቅም። ሐሴት ፊት ትልቅ ሰው ልመስል ብዬ ነው የቀባጠርኩት። ዛሬም አጥንቼ መጥቼ ላታልልዎት ነበር። እወዳታለሁ፤ እሱ ብቻ ነው እውነቱ። ማታ አትምጣ ካሉኝም አልቀየምም።

[አቶ ደጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቴዎ በቁጣ መሰለውና ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው ግን ሲዞሩ እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ ነበር።]

አቶ ደጉ፦ አንተን ፈርቼ እኮ ነው ሰሞኑን እህል በአፌ አልዞር ያለው! ልዩ፣ አየሽው? ይሄን ነው የፈራሁት!

ወይዘሮ ልዩ፦ እኔማ ነገርኩህ፣ ልጅ ነው አልኩህ። ና ልጄ፣ ሳመኝ። መኪናዬን መውሰድህን ግን ለሐሴት እነግራታለሁ።

አቶ ደጉ፦ በቃ! ያኛውም አስጎብኚ ይምጣ፣ ሁላችንም አብረን እንዞራለን። ማታ ግን ታሪክ የሚባል ነገር ማዕድ ላይ እንዳይነሳ። እኔ የማውቀውን እናውራ፤ ኳስ። ኳስ ትከታተላለህ?

ቴዎ፦ (ዓይኑ ቦግ ብሎ) ኳስ? ኧረ ጋሼ፣ ኳስማ ለእኔ ይተዉት! በኳስ ጠይቀውኝ የማልመልሰው ነገር የለም!

[ምንዳዬ ፌስታሉን ለወይዘሮ ልዩ አቀበላቸውና ቀስ ብሎ ወደ ሃይለአብ ጆሮ ጠጋ አለ።]

ምንዳዬ፦ ወንድሜ፣ ከእራት በፊት ስታዲየምም ጨምርልን።